ለሚከራይ ኮንዶሚኒየም ኪችን ግራናይት ያዋጣል?

የጀሞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አለችኝ፣ 4ኛ ፎቅ። ተከራዮቹ ባለፈው ወር ለቀቁና ቀለም ላስቀባ ስገባ ኪችኑን አይቼ ደነገጥኩ። ካውንተሩ ቤቱን ስንረከብ የነበረው ሲሚንቶ ነው፤ ጠርዙ ተፈረካክሷል፣ በሲንኩ ዙሪያ ውሃ እየሰረገ ጠቁሯል። ባለቤቴ "አንዴ ግራናይት አድርገን እንገላገል" ይላል። እህቴ ደግሞ ነጭ እብነ በረድ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ተከራይ ይስባል ትላለች። እኔ የምፈራው ብሩን አፍስሼ ኪራዩ ያው እንዳይሆንብኝ ነው። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ባለ ሰሚት፦
እህቴ፣ ነጩን እርሺው። እኔም በፎቶ ተታልዬ አስገብቼ ነበር። እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ ሎሚ ወይ አቼቶ ጠብ ሲልበት ያንን ማንጸባረቁን ይበላዋል፣ ቢያሹት አይመለስም። እርድ ከዘይት ጋር ሲያርፍበትማ አለቀ። የመጀመሪያዋ ተከራዬ ስትወጣ ድስት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቢጫ ክብ ሠርቶ ይታይ ነበር። በሷ አልፈርድም፣ ሴትዮዋ ወጥ ነው የሠራችው! ለኪራይ ጠቆር ያለ ዥንጉርጉር ግራናይት ይሻላል፤ ትኩስ ድስት ይችላል፣ እድፍም ቶሎ አያሳይም።

ድንጋይ ቆራጩ፦
እንጀራዬ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ግልጹን ልንገርሽ። ሰው የሚሸወደው "ካሬው ስንት ነው?" ብሎ ብቻ ሲጠይቅ ነው። ያንቺ ካውንተር 2.40 ሜትር በ60 ሳንቲ ነው ብንል 1.44 ካሬ ይመጣል። ግድግዳው ላይ የምትቆመው የ10 ሳንቲ ቁራጭ ስትጨመር 1.68። ግን የሲንኩ ቀዳዳ፣ የጠርዙ ማለስለሻ፣ ትራንስፖርትና መግጠሚያ ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይታሰባሉ። ደግሞ ፎቅሽን አትርሺ፣ ሊፍት የለም አይደል? ባለ 2 ሳንቲ ግራናይት ካሬው 54 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ተሸካሚዎቹ ደረጃውን ሳያዩ ዋጋ አይቆርጡም። ሁሉንም አንድ ላይ "ተገጥሞ እስኪያልቅ" ብለሽ ተዋዋይ። ለትንሽ ኪችን ከትልቅ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ጠይቂ፣ በጣም ይረክሳል፣ ቀለም ግን አታማርጪም። የድሮው ሲሚንቶ ጠንካራ ከሆነ ሳይፈርስ ከላዩ ይለጠፋል፤ ከፍታው ስለሚጨምር ቧንቧውንና መስኮቱን አስቀድመሽ ለኪ።

ሮቶ ይቅደም፦
ሁላችሁም ስለ ድንጋይ ታወራላችሁ። ቤት ሊያይ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶ አለው ወይ?" ነው። ካውንተር የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። ደግሞ በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ ተከራይ ከገባ በኋላ ጭማሪው በዓመት አንዴ በሚወጣው ተመን ነው፤ ግራናይት አስገባሁ ብለሽ መሃል ላይ አትጨምሪም። እኔ ከ2 ወር ኪራይ በላይ ለኪችን አላወጣም። የኔ ኪችን ሴራሚክ ነው የተነጠፈበት፣ አራት ዓመቱ፣ ምንም አልሆነም።

ባለ ሰሚት፦
ሴራሚኩ መሃል ያለው ነጭ ሲሚንቶ አልጠቆረም ልትለን ነው? 😄

ሮቶ ይቅደም፦
ጠቁሯል። ተከራይ ሲወጣ ፍቄ እንደገና እሞላዋለሁ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የጀሞዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ዓይኔን ገለጣችሁልኝ። ነገ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። ሮቶ አለን፣ ግን ክዳኑ ተሰብሯል፣ እሱ ይቀድማል። ከዚያ ጥቁር ቁራጭ ከተገኘ ግራናይት፣ ካልተገኘ ሴራሚክ። @ድንጋይ ቆራጩ፣ የሲንኩን ልክ ከመቆረጡ በፊት ነው የምሰጠው ወይስ ሲንኩን ራሱን ላምጣ?

ድንጋይ ቆራጩ፦
ሲንኩን ራሱን አምጪ። በስልክ በተነገረ ልክ ቆርጬ ስንት ድንጋይ ከስሬያለሁ።