የስኮላርሺፕ ፈንድ ዕቅድ፤ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ስቴት ገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ለስኮላርሺፕ ድርጅት ለሚለግሱ የሚሰጠውን ክሬዲት (ከታክስ የሚቀነስ ብር) ማመልከቻ መቀበል የሚጀምረው በጃንዋሪ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። ያለፈውን ዓመት ስሕተት አንድገመው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁጥሮቹ ተስተካክለዋል። አብረው ታክስ የሚያሠሩ ባልና ሚስት እስከ 5,000 ዶላር፣ ነጠላ እስከ 2,500። ከስቴት ታክስ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል እንጂ በእጅ አይመለስም፤ የተረፈው ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሻገራል። መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ክፍያ። ቼኩን ያዘገየ ፈቃዱ ይቃጠልበታል። የስቴቱ የዓመት ጣሪያ 120 ሚሊዮን ዶላር ስለሆነ ማመልከቻ ከበዛ ጣሪያው በሚሞላበት ቀን ላመለከቱት ሁሉ ተመጣጥኖ ይቀነሳል። ስለዚህ የተፈቀደላችሁን ያህል ብቻ ክፈሉ።

አባል፣ ክላርክስተን፦ ርዕሱ ላይ ያለው «የትምህርት ዕቁብ» ይውጣ። የዕቁብ ብር ተራው ሲደርስ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ይሄ አይመለስም።

ጸሐፊ፦ ስም ነው። ሕዝቡ ዕቁብ ሲባል ቶሎ ይገባዋል።

አባል፣ ክላርክስተን፦ የሚገባውማ የተሳሳተው ነው! ለጋሹ «ለእገሌ ልጅ ይሰጥልኝ» ካለ ክሬዲቱ ይሰረዛል። «አንተ ለልጄ፣ እኔ ለልጅህ» ማለትም ያው ነው። ዕቁብ የሚል ወረቀት የታክስ መርማሪ እጅ ቢገባ ምን ብለን እናስረዳለን?

አባል፣ ዲካተር፦ ታዲያ ዕድር ይባላ።

አባል፣ ስቶን ማውንቴን፦ በልጆች ጉዳይ ዕድር? የቀብር ስም አታምጡብን።

አባል፣ ዲካተር፦ ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? ይህን ማኅበር ያቆመው ዕድር ነው። አባቶችን አታዋርዱ።

አባል፣ ስቶን ማውንቴን፦ ማንንም አላዋረድኩም! እርስዎ ናቸው በየስብሰባው ነገር የሚያጣምሙት።

ገንዘብ ያዥ፦ ከትናንት ጀምሮ ስለ ስም ብቻ ነው የምናወራው። ብሩን የሚቀበለው የተመዘገበ የስኮላርሺፕ ድርጅት ነው፣ እኛ አይደለንም። የትኛው ነው? ሦስቱን ድርጅቶች ደውዬ እጠይቃለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

አባል፣ ስቶን ማውንቴን፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። ተናድጄ ነው።

አባል፣ ዲካተር፦ አልፏል። «ፈንድ» በሉትና ይለቅ።

አባል፣ ሊልበርን፦ አብዛኞቹ ልጆቻችን እኮ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የስቴቱ ስኮላርሺፕ ለግል ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ ያውም ልጁ ቢያንስ 6 ሳምንት በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ወይም ቅድመ መደበኛ፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም 1ኛ ክፍል የሚገባ ካልሆነ በአብዛኛው አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከ2027 የሚጀምረው የፌዴራል መንግሥቱ የስኮላርሺፕ ክሬዲት ግን ማስጠኛና መጽሐፍም ይሸፍናል። ለምን እሱን አንጠብቅም?

ገንዘብ ያዥ፦ የፌዴራሉ ጣሪያ 1,700 ዶላር ነው፤ በስቴት ክሬዲት ያገኘኸው ከዚያ ላይ ይቀነስብሃል። ገንዘብ ሰብሳቢው ድርጅት በስቴቱ ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት፣ 90 በመቶውን ለስኮላርሺፕ ያውላል፣ ቢያንስ ለ10 ተማሪዎች ይሰጣል፤ ሁሉም የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች መሆን አይችሉም። የየቤተሰቡንም ገቢ ያጣራል። እኛ ዛሬ ይህን የሚሠራ ሰው አለን?

አባል፣ ሊልበርን፦ እስከዚያ የቅዳሜውን ማስጠኛ በራሳችን መዋጮ እንጀምር። ሒሳብና እንግሊዝኛ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት።

አባል፣ ክላርክስተን፦ በዚህ እስማማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የመዋጮው ብር ክሬዲት አያስገኝም፤ በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ። የጃንዋሪውስ?

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4ን በቅዳሜው ማስጠኛ እጀምራለሁ፤ የክሬዲቱ ጉዳይ ወደ ገጽ 3 ይወርዳል። የአዳራሽ ኪራይ የሚጠይቅ ማን ነው?