ጃን ማየን ደሴት መሄድ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኖርዌይ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። በሐምሌ በሰሜን አትላንቲክ ወዳለችው የኖርዌይ ደሴት፣ ጃን ማየን፣ ሄጄ የቤረንበርግን እሳተ ገሞራ መውጣት አስቤያለሁ። ከፍታው 2277 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባን እንኳ አያክልም። ራስ ዳሽንን ስለወጣሁ አይከብደኝም ብዬ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን አጣሁ። ማደሪያስ አለ?

መርከበኛው፦ ትኬቱን ያጣኸው ስለሌለ ነው ወንድሜ። ማኮብኮቢያው እዚያ ላለው የወታደርና የሜትዎሮሎጂ ጣቢያ ሠራተኞች ነው፤ የሚያርፍበትም የጦር ኃይሉ አውሮፕላን ነው። ነዋሪ የሚባል የለም፤ ያሉት እነዚሁ ጥቂት ሠራተኞች ናቸው። ሆቴል የለም፣ ሱቅ የለም። ሰው የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን አይስላንድ በመርከብ ወይም በሸራ ጀልባ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ባሕር ነው፤ ሆድህ የማይችል ከሆነ ከአሁኑ አስብበት።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ደሴቲቱ ወደብ የላትም። ጎብኚ የሚወርደው ቦትቪካ ወይም ክቫልሮስቡክታ በሚባሉት የባሕር ወሽመጦች ነው፣ በትንሽ የጎማ ጀልባ። ማዕበል ካለ መውረድ ቀረ። እዚያ ድረስ ሄዶ ደሴቷን ከጀልባ ላይ አይቶ የሚመለስ አለ። ስለዚህ ትርፍ ቀን ያዝ፤ መውረድ ካልተቻለ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ከጀልባው ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተስማማ።

እመቤት ከኦስሎ፦ አይስላንድ እንደ ኖርዌይ የሼንገን (የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች) አባል ስለሆነች እስከዚያ በመኖሪያ ፈቃድህ ትሄዳለህ፤ ካርድህና ፓስፖርትህ ጊዜያቸው እንዳያልፍ ብቻ። ለደሴቲቱ አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው፤ አስጎብኚው ይጨርስልሃል ወይ ብለህ ጠይቅ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብዛኛው ክፍል የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ ድንኳን በፈለጉበት ቦታ ሁሉ መትከል አይቻልም።

የበረዶ መንገደኛ፦ በራስ ዳሽን አትለካው! ዳሽን ላይ የሚያስቸግርህ የአየር መሳሳት ነው፤ እዚህ የበረዶ ግግር ነው። ከባሕር ጠረፍ ተነስተህ ነው የምትወጣው፤ ግግሩ ላይ ደግሞ በስስ በረዶ የተሸፈነ ጥልቅ ስንጥቅ አለ። በገመድ ሳይታሰሩ አይሄዱበትም። ጉሙ ሲወርድ የፊት ሰው አይታይም። ኖርዌይ ውስጥ የግግር ጉዞ ስልጠና ሞልቷል፤ መጀመሪያ እሱን ውሰድ። ሐምሌ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱም አይጨልም።

ጠያቂ፦ እሳተ ገሞራው ራሱስ አያሰጋም?

የበረዶ መንገደኛ፦ ሕያው ነው፤ በ1970 እና በ1985 እ.ኤ.አ. ፈንድቷል። እኔን ግን የሚያስፈራኝ እግር መስበር ነው፤ ሆስፒታል ያለው ባሕር ማዶ ነው። የነፍስ አድን ወጪ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ሳትይዝ እንዳትነሳ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለዘንድሮ ስልጠናውን ልመዝገብ፣ ጀልባውን ለከርሞ።