የጋራዥ ዘይትና አሲድ ወዴት ይሂድ፦ ወደ ሲሚንቶ ምድጃ ወይስ ወደ ሌላ ማስወገጃ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ከተክለሃይማኖት እስከ ሶማሌ ተራ ካሉት ጋራዦችና ባትሪ ቤቶች የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት፣ አሲድና የእርሳስ ዝቃጭ፣ እንዲሁም የፋብሪካዎችን አደገኛ ቆሻሻ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች በምድጃቸው ያቃጥሉት የሚል ሐሳብ አለ። ሌሎች ደግሞ ለዚሁ ብቻ የሚያገለግል ማስወገጃ መሠራት አለበት ይላሉ። የእናንተ አቋም የትኛው ነው?

መሐንዲስ፦ እኔ ምድጃውን እደግፋለሁ። ነበልባሉ እስከ 2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ፣ በውስጡ የሚጋገረውም ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ የሚግል በመሆኑ፣ ዘይትን የመሰለ ነገር እዚያ ገብቶ ሳይፈርስ አይወጣም፤ አመዱም ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተጋገረ ድንጋይ) ውስጥ ስለሚቀር የሚቀበር ትርፍ የለም። ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲው ጣቢያ የተሠራው ለከተማ ደረቅ ቆሻሻ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ወደ ውጭ መላክንም ሞክረነዋል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች ፊንላንድ ሄደው የተቃጠሉት በለጋሾች ገንዘብ ነበር። ለጋሽ እየጠበቁ መኖር ደግሞ ፖሊሲ አይባልም።

ኬሚስት፦ ስለ ሙቀቱ ያሉት ልክ ነው፤ ብረት ነክ መርዞችን ግን ሙቀት አያጠፋቸውም። ሜርኩሪ ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ እርሳስም ክሎሪን ካገኘ በቀላሉ ይተናል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ነው። በውስጡ ያለው ክሮሚየም በአብዛኛው ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው ዓይነት ቢሆንም፣ አልካላይ በበዛበትና ኦክስጅን በሚገባበት ምድጃ ውስጥ ወደ አደገኛው ባለ ስድስት ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል፤ ይህ ደግሞ እርጥብ ሲሚንቶ የሚነካውን ግንበኛ እጅ የሚያቆስል ነው። ስለዚህ ቆሻሻውን ከአቃቂ ወንዝ አውጥተን ግንበኛው እጅ ላይ እንዳናስቀምጠው እፈራለሁ።

የጋራዥ ባለቤት፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት በርሜሉ ከደጃችን ከወጣ በኋላ ስላለው ነገር ነው። በብዙዎቻችን ጋራዥ ያለው በርሜል አንድ ነው፤ የሞተር ዘይቱም፣ የፍሬን ዘይቱም፣ የቀለም ቲነሩም እዚያው ይገለበጣል። ሲሞላ የኮንክሪት ፎርም የሚቀቡ ግንበኞች ይገዙታል፤ የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላውም ይቀባበታል። ዘይቱ እንግዲህ ገዢ አለው። ገዢ የሌለው አሲዱ ነው፤ እርሱ በቀጥታ ቱቦ ይገባል።

ጥያቄ አቅራቢ፦ ለእኔ የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ቲነር የተቀላቀለበትን ዘይት ክሎሪኑና እርሳሱ ሳይለካ ምድጃ ውስጥ መጨመር ቁማር ነው፤ ማስወገጃ ቢሠራም ያው ድብልቅ ነው የሚደርሰው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ያለ ፈቃድ አደገኛ ቆሻሻ ማመንጨትን፣ ማከማቸትንና ማጓጓዝን ይከለክላል፤ አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም በዚሁ ጉዳይ ላይ የወጣ ነው። የሕግ እጥረት የለብንም፤ የጎደለን ዘይቱን ከሌላው ለይቶ የሚይዝ ሁለተኛው በርሜል ነው።

የጋራዥ ባለቤት፦ ሁለተኛውን በርሜል ማን ይግዛው? ቦታውስ? የእኔ ግቢ ሁለት መኪና ከያዘ በኋላ መተላለፊያ የለውም።

ኬሚስት፦ አዲስ ዘይትና ባትሪ ሲሸጥ በዋጋው ላይ ትንሽ የመሰብሰቢያ ክፍያ ቢጨመር ወጪውን ከእርስዎ ትከሻ ያወርዳል። ቦታውን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰፈር ጋራዦች አንድ የጋራ ማቆያ ይበቃል። አሲዱን እዚያው በኖራ ማርገብ ይቻላል፤ ከሥሩ የሚዘቅጠው እርሳስ ያለበት ጭቃ ግን አሁንም አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ፣ ለእርሱ መሐንዲሱ የማይወዱት ማስወገጃ የግድ ያስፈልጋል።

መሐንዲስ፦ ለጭቃው እስማማለሁ። ለተለየና ለተለካ ዘይት ግን አሁንም ከምድጃው ጋር ነኝ።