የጀሪካን እጀታ ሞዴል፦ ስፕሬይ ፎሙን በላብኝ

የሳቢያኗ (ጥያቄ)፦
ድሬዳዋ ነው ያለሁት፣ ፕሮዳክት ዲዛይን 2ኛ ዓመት። የስቱዲዮ ሥራዬ በ20 ሊትር ጀሪካን ላይ የሚገጠም እጀታ ነው፤ የጀሪካኑ የራሱ እጀታ መዳፍ ይቆርጣል። ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ቀረጽኩት፤ ስፕሬይ ቀለም ስነፋበት ግን ቦታ ቦታው ጎደጎደ። ማቅረቢያው 8 ቀን ቀርቶታል። ይተርፋል? ውፍረቱስ 25 ሚሊ ሜትር ይበቃል?

ጀሶ፦
አቦ ተይው፣ እንደ አዲስ ቅረጪ። ጉድጓዱን መሙላት የበለጠ ጊዜ ይበላል። ፎሙን ያሟሟው ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ነው፤ ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ስለሆነ አሴቶን፣ ቶሉዊን፣ ቤንዚን አይችልም። ማስቲሽና ሱፐር ግሉም እንደዚያው ይበሉታል፣ ስለዚህ ፎም ከፎም በእንጨት ኮላ ብቻ አጣብቂ።
በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ኮላ 2 እጅ፣ ውሃ 1 እጅ በጥብጠሽ በስሱ 3 ጊዜ ቀቢ። በእኛ ሙቀት ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ እንዳያታልልሽ፤ ውስጡ እርጥብ እያለ ከደረብሽበት ይሰነጠቃል። በየቅቡ መሃል ጥላ ውስጥ 3 ሰዓት ያህል አቆዪው። ከዚያ በውሃ የሚበጠበጥ የግድግዳ ስቱኮ፣ በ240 ማሸት፣ በመጨረሻ ፕላስቲክ ቀለም በስፖንጅ።

ገንደ ቆሬ፦
የመኪና ስቱኮ ቶሎ ይጠነክራል የሚልሽ ካለ አትስሚ። እሱም ስታይሪን አለው፣ ኮላው ትንሽ ክፍተት ካለው ገብቶ ፎሙን ከውስጥ ያቀልጠዋል።

ቀፊራ፦
ቀለሙ ቀላሉ ነው፣ ውፍረቱ ላይ ነው ጉዳዩ። የሞላ ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ 25 ሚሊ ክብደቱን በጠባብ መስመር ላይ ጣት ላይ ይጭነዋል። ከ30 እስከ 40 መካከል ፈልጊ። ፎሙ ደግሞ ለዓይን ብቻ ነው፣ ክብደት አይሸከምም፤ ለሙከራ ሌላ ሥሪ። ባለ 32 እና ባለ 40 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ በ13 ሴንቲ ቁረጪ፣ ጫፉን ሞርጂው (አለዚያ ገመዱን ይበጥሰዋል)፣ ጠንካራ የናይለን ገመድ አሳልፈሽ ጀሪካኑ ላይ እሰሪ። መጀመሪያ በግማሽ ውሃ፣ ከዚያ ሞልተሽ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ልጆች 30 ሜትር ይሸከሙት፤ ሲያወርዱ መዳፋቸው ላይ የቀላውን ፎቶ አንሺ። ያ ፎቶ በማቅረቢያው ላይ ከተዋበ ሥዕል ይበልጣል።
አማካይ እጅ እንዳትወስጂ። ርዝመቱን በትልቁ መዳፍ ወስኚ፣ 2 ሴንቲ ጨምሪበት፤ ውፍረቱን በትንሹ እጅ። ከጀሪካኑ ጋር 5 ሴንቲ ያህል ክፍተት ተይ፣ አለዚያ የጣት አንጓ ይፋቃል።

የሳቢያኗ፦
አመሰግናለሁ። የሙከራውን በ3ዲ ፕሪንተር ባሳትመውስ?

ገንደ ቆሬ፦
ይቻላል፣ ግን እጀታውን አጋድመሽ አሳትሚ። ቆሞ ከታተመ ደርቦቹ በጭነቱ ይላቀቃሉ። ውስጡን ከመሙላት ይልቅ ግድግዳውን (የውጭ ሽፋኑን) 4 መስመር አድርጊው። ፒኤልኤ (የተለመደው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ከተውሽው ጠሞ ታገኚዋለሽ። ፒኢቲጂ (ሙቀት የተሻለ የሚችል ፕላስቲክ) ካለ እሱን።

የሳቢያኗ፦
ቱቦዎቹን ሞከርኩ። 40ው ለትንንሾቹ እጆች አልጨበጥ አለ፣ 32ው ሄደ። ፎሙን በዚያ ልክ እየቀረጽኩ ነው፤ ኮላው ጥላ ውስጥ ነው።