ኢአርፒን ለቢዝነስ ተማሪዎች በተግባር ለማስተማር

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለ30 የማኔጅመንትና የአካውንቲንግ ተማሪዎች ኢአርፒ (የድርጅትን ግዥ፣ መጋዘንና ሂሳብ በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ላስተምር ነው። ኮምፒውተር አለን፤ ኢንተርኔቱ ግን ይቆራረጣል። በየትኛው ሶፍትዌር፣ ከየትኛው ሥራ ልጀምር?

መልስ፦ ኢአርፒኔክስት የተባለውን ሶፍትዌር ይውሰዱ። ነፃ ነው፣ ሙሉ የሂሳብ ክፍልም አለው፤ የኦዱ (ሌላው የኢአርፒ ሶፍትዌር) ነፃ እትም እዚህ ላይ ይጎድለዋል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነው በውስጥ ኔትወርክ ያገናኙት፤ ተማሪው በብሮውዘር ይገባል፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) እና የየቀኑ ባክአፕ አይርሱ።

መልስ፦ እባክዎ፣ ሜኑ በማሳየት አይጀምሩ። የመንዝ ባና የሚሸምን ድርጅት ያስቡ፦ 5 ኩንታል ሱፍ ይታዘዛል፣ መጋዘን 480 ኪሎ ይረከባል፣ የሻጩ ደረሰኝ 500 ኪሎ ይላል። ግዥን፣ መጋዘንንና ሂሳብን ለተለያዩ ተማሪዎች ይስጡ። ሦስቱ ሰነዶች እስኪታረቁ ክፍያው ይቁም፤ ሲስተሙ ለምን እንደሚያስፈልግ እዚያ ላይ ይገባቸዋል።

መልስ፦ ልጨምርበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው መለኪያው ነው። 1 ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ ሲስተሙ ውስጥ አስቀድሞ ካልተሞላ፣ 5 ኩንታሉ 5 ኪሎ ተብሎ ይመዘገባል፤ የኪሎው ዋጋም 100 እጥፍ ይወጣል። አንዴ የጸደቀ ሰነድ ደግሞ እንዲሁ አይታረምም፤ መጀመሪያ ውድቅ ተደርጎ በተሻሻለው ይተካል። ምክንያቱን ተማሪው ራሱ ይጻፍ።