አብራሪ «ወደቀ» ስንል ሞተ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። በአፕሪል 1917 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ከተማ በአራስ ዙሪያ በተደረገው ውጊያ እንግሊዞች 245 አውሮፕላን እንዳጡ ይናገራል። የሰው ጉዳቱን ግን በአንድ ቃል ጠቅልሎታል። «ሰለባ» ልበለው ወይስ «የወደቁ»?

መልስ፦ «ሰለባ» ይቅርብህ። ዛሬ ለመኪና አደጋም ለአጭበርባሪም እንለዋለን። ድሮ ግን ሰለባ ገዳዩ ከሟቹ ላይ ቆርጦ የሚወስደው ነበር። በጦር ታሪክ ውስጥ ሲገባ ያስደነግጣል። ደግሞስ የእኛ የጦር ሜዳ ወሬ ለይቶ አይደል የሚቆጥረው? ሙት፣ ቁስለኛ፣ ምርኮኛ፣ ደብዛው የጠፋ። የዚያ ወር ቁጥርም ተለይቶ ይታወቃል፤ 211 የሞቱና ደብዛቸው የጠፋ፣ 108 የተማረኩ። ምን አስጨነቀህ፣ ዘርዝረው።

ሌላ መልስ፦ እኔን የሚያሰጋኝ «ወደቀ» ነው። እግረኛ «ዓድዋ ላይ ወደቀ» ከተባለ አበቃ፣ ሞቷል። አብራሪ ግን ወድቆም ይተርፋል። ሊፍ ሮቢንሰን የሚባለውን የእንግሊዝ አብራሪ ውሰድ። በ1916 የጀርመን አየር መርከብ በሌሊት መትቶ ጥሎ ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ ነው። አፕሪል 5 ቀን 1917 ስድስት ብሪስቶል አውሮፕላን እየመራ ሲሄድ ከዝነኛው የጀርመን አብራሪ ከሪሽቶፈን ጓድ ጋር ተገናኘ። አራቱ ተመትተው ወረዱ፤ አንዱ የሱ ነበር። «ሮቢንሰን ወደቀ» ብለህ ብትጽፍ አንባቢህ ነፍስ ይማር ይላል። ሰውየው ግን ተማርኮ ጦርነቱ እስኪያልቅ ቆየ። የሞተው በ1918 መጨረሻ፣ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ስለዚህ ለአውሮፕላኑ «ተመትቶ ወደቀ»፣ ለሰውየው «ተሰዋ» ወይም «ተማረከ»።

ጠያቂው፦ ገባኝ። አንድ ቦታ ግን «በፓራሹት ዘሎ ተረፈ» ብዬ ነበር።

መልስ፦ ኧረ ሰርዘው! ያኔ የእንግሊዝ አብራሪ ፓራሹት አልነበረውም። የነበራቸው በፊኛ ላይ ሆነው የሚቃኙት ናቸው። አውሮፕላኑ ከተቃጠለ አብሮ መቃጠል ወይም ባዶ እጅን መዝለል ነው። ቢ.ኢ.2 የምትባለው የእንግሊዝ ቃኚ አውሮፕላን ደግሞ ቀርፋፋ ነበረች። ምሽግ ፎቶ ለማንሳት መስመሯን ሳትለቅ ስትበር አልባትሮስ የሚባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ከኋላ ይደርስባታል። የሟቹ ብዛት ከዚህ ነው።

ሌላ መልስ፦ በልምምድና በሙከራ በረራ ለሞቱት ግን «ተሰዋ» አይመቸኝም። አሜሪካዊው ሌተናንት ሰልፍሪጅ በ1908 ከአውሮፕላን ፈልሳፊው ከኦርቪል ራይት ጋር ሲበር ተከስክሶ ሞተ። ውጊያ የለ፣ ጠላት የለ። «በአደጋ ሞተ» ይበቃዋል።

ጠያቂው፦ የመጨረሻ ጥያቄ። እንግሊዞች ያን ወር፣ አፕሪል 1917ን፣ በደም ነው የሚጠሩት። «ደመኛው ሚያዝያ» ብለውስ?

መልስ፦ ደመኛ እኮ ደም የተቃባህ ሰው ነው! ወሩ ማንን ገደለብህና? «ደም የፈሰሰበት አፕሪል» በለው። «ሚያዝያ» ካልክ ደግሞ ቀኑ ይምታታል። የአራስ ማጥቃት የተጀመረበት አፕሪል 9 የእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 1909 ነው፣ ልክ ይገጥማል። ሮቢንሰን የተመታው ግን በእኛ ገና መጋቢት 27 ነው።