በኦቨን የሚጋገር የአይብ ሳምቡሳ ከሥሩ እየራሰብኝ ተቸግሬያለሁ
ጤና ይስጥልኝ። ለልጄ ክርስትና ድግስ በዘይት የማይጠበስ፣ በኦቨን የሚጋገር የአይብ ሳምቡሳ ለማቅረብ አስቤያለሁ። ሊጡ በቅቤ የታሸ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ውስጡ አይብ፣ የተከተፈ ቃሪያና ትንሽ ኮሰረት አለው። በ200 ዲግሪ ስጋግረው ላዩ ቀላ ብሎ ያምራል፣ ሥሩ ግን ርሶ ትሪው ላይ ይጣበቃል፤ ሲቆረስም አጓት ይወርደዋል። አይባችን እንደ ሞዛሬላ አይቀልጥም፤ ሲሞቅ የያዘውን ውኃ ይለቃል። በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሬ አንጠልጥዬ ባሳድረው ይበቃል ወይስ እንቁላል ልጨምርበት? በጣም ከደረቀም አፍ ውስጥ እንዳይሻክር እሰጋለሁ። ደግሞስ ማታ ጠቅልዬ ጥሬውን ፍሪጅ ውስጥ ባሳድረው ሊጡ ይለሰልስብኝ ይሆን? እንግዶቼ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትኩሱን እንዲቀምሱልኝ በጣም እፈልጋለሁ፤ የሠራችሁት እባካችሁ ንገሩኝ።